የአሮጌ መኪና የመሪና የሴንሰር ብልሽት ምርመራ

የአሮጌ መኪና የመሪና የሴንሰር ብልሽት ምርመራ በመሪ ክፍሎችና ለመኪናው ኮምፒውተር መረጃ በሚያቀብሉ ሴንሰሮች ላይ የደረሰን ብልሽት ከምልክቱ ተነስቶ ምክንያቱን የመለየት ሥራ ነው። ብዙ ዓመት ያገለገሉ መኪኖች በሚሠሩባቸው በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሌሎች የቡና ከተሞች የጋራዥ የዘወትር ሥራ ነው። ምርመራው በትክክል ካልተሠራ ባለንብረቱ ደህና ሴንሰር አስቀይሮ ገንዘቡን ያባክናል፤ የመሪ ብልሽት ሳይታወቅ ከቀረ ደግሞ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ዳራ

ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ በሌላ አገር ያገለገሉ ናቸው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸውን መሠረት ያደረገ ከፍተኛ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና እየጠገኑ መንዳት ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ።

የምርመራው ዘዴ እንደ መኪናው ትውልድ ይለያያል። በተለምዶ «ዲኤክስ» የሚባለው የቶዮታ ኮሮላ ካርቡራተር ያለው ስለሆነ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ጥቂት ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች ነዳጅ መርጨትን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር አላቸው። ቪትዝ ከዚህ በተጨማሪ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ መሪ አለው። እንደ አይሱዙ ያሉ የጭነት መኪኖች ግን በአብዛኛው በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ይጠቀማሉ።

የመሪ ምርመራ

ምርመራው ቀላልና ርካሽ ከሆነው ይጀምራል። መጀመሪያ የጎማ ነፋስ ይለካል፤ የጎማው አበላልም ይታያል።

* መሪ ሲከብድ፦ በዘይት በሚታገዝ መሪ የዘይቱ መጠን፣ የቺንጋው ውጥረትና የፓምፑ ድምፅ ይታያሉ። ዘይቱ አረፋ ከሠራ ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።
* መሪ ባዶ ሲዞር፦ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ አንድ ሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፤ ሌላው ከሥር ሆኖ የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚላወስ ያያል። በክሪክ ከተነሣና መደገፊያ ከተደረገለት በኋላ ጎማው በግራና በቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚላወስ ከሆነ ታይ ሮድ ወይም የመሪ ጥርስ ይጠረጠራል። ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ከተላወሰ ደግሞ የጎማ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት ይጠረጠራል።
* መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲስብ፦ የጎማ ነፋስ መበላለጥ፣ የጎማ አላይመንት ወይም ተነክሶ የቀረ ፍሬን ሊሆን ይችላል። ከጉዞ በኋላ አንዱ የጎማ ቸርኬ ከሌላው በጣም ከጋለ ፍሬኑ ተነክሷል።
* መሪ ሲንቀጠቀጥ፦ በፍጥነት ብቻ ከሆነ የጎማ ባላንስ፣ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬን ዲስክ መጣመም ይጠረጠራል።

በኤሌክትሪክ በሚታገዝ መሪ የመሪው ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ እገዛው ሊቋረጥ ይችላል። መሪው ከጎማው ጋር በብረት የተያያዘ ስለሆነ ከብዶም ቢሆን ይዞራል። ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ከሁሉ በፊት ባትሪውና ዲናሞው ይለካሉ፦ ሞተር ጠፍቶ ያረፈ ደህና ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት፣ ሞተር ሲሠራ ደግሞ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ያሳያል። የነጂውን እጅ ኃይል የሚለካው ሴንሰር ብልሽት በቶዮታ መኪኖች እንደ ሲ1511 ባሉ ኮዶች ይታያል። ሲ1515 ግን የሴንሰሩ ዜሮ ነጥብ አለመስተካከሉን እንጂ የዕቃ መበላሸትን አያመለክትም።

የሴንሰር ምርመራ

በቀድሞዎቹ የቶዮታ መኪኖች ሞተር ክፍል ውስጥ ባለው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ተገናኝተው ቁልፉ ሲከፈት የቼክ ኢንጅን መብራት በብልጭታ ቁጥር ይናገራል። 22 የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰርን፣ 41 የነዳጅ መስጫ ፔዳል የሚከፍተውን የነፋስ በር ሴንሰር፣ 42 የፍጥነት ሴንሰርን ያመለክታሉ። ያልተቋረጠ እኩል ብልጭታ ኮድ አለመኖሩን ያሳያል። ኦቢዲ-2 የተባለው ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ ያላቸው መኪኖች በስካነር ይነበባሉ። ይህ ሥርዓት በአሜሪካ ለሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ነው።

ኮዱ የሚናገረው የተበላሸውን መስመር እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም። ለምሳሌ ፒ0335 የክራንክ ሻፍት ሴንሰር መስመርን ያመለክታል፤ ምክንያቱ ሴንሰሩ፣ የተቆረጠ ሽቦ ወይም የዛገ ማገናኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት በመልቲሜትር የሚከተሉት ይለካሉ፦

1. ብዙ ሴንሰሮች የሚፈልጉት የ5 ቮልት መጋቢ መኖሩ፤
2. የመሬት (ኔጌቲቭ) ሽቦው ደህንነት፤
3. የሴንሰሩ ምላሽ። የውሃ ሙቀት ሴንሰር ሲቀዘቅዝ ኦሙ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል፤ በብዙ የቶዮታ መኪኖች በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ነው።

የመሪና የሴንሰር ግንኙነት

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ በዝግታ ሲነዳ ብዙ፣ በፍጥነት ሲነዳ ጥቂት እገዛ ይሰጣል። ይህን የሚወስነው ከፍጥነት ሴንሰር ወይም ከኤቢኤስ በሚያገኘው መረጃ ነው። ስለዚህ የመሪ መብራት፣ የኤቢኤስ መብራትና የማይሠራ የፍጥነት መለኪያ አብረው ከታዩ ምርመራው ከፍጥነት መረጃው ይጀምራል። ሲ0200 የፊት ቀኝ፣ ሲ0205 የፊት ግራ ጎማ ሴንሰርን ያመለክታሉ። አንዳንድ ጊዜ መፍትሔው በጎማው ሴንሰር ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ማጽዳት ነው።

የጅማ አካባቢ ሁኔታ

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በባሕር ወለል ግን 101 ነው። ሞተር ጠፍቶ ቁልፍ ሲከፈት የግፊት ሴንሰር 82 አካባቢ ማሳየቱ ትክክል ነው። የውጭ አገር መመሪያን ቁጥር ብቻ የሚከተል ሰው ግን ደህናውን ሴንሰር ተበላሽቷል ሊል ይችላል።

ረጅሙ የዝናብ ወቅት ማገናኛዎችንና የመሬት ሽቦዎችን ያዝጋል። የገጠር መንገድ ቀይ ጭቃ የታይ ሮድና የቦል ጆይንት ላስቲክ ሲቀደድ ወደ ውስጥ ገብቶ ብረቱን ይበላል። በቡና ለቀማ ወራት ከልክ በላይ የተጫነ መኪና የመሪ መገጣጠሚያዎችን ቶሎ ያላላል፤ ይህም ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በጊቤ ሸለቆ ቁልቁለት በተለይ አደገኛ ነው።

ጥንቃቄ

ኤርባግ ያለው መሪ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቃል። መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሥሩ አይገባም። ከጥገና በኋላ ኮዱ ይጠፋል፣ መኪናው ይነዳል፣ ኮዱም እንደገና ይነበባል፤ ካልተመለሰ ጥገናው ተሳክቷል። የመሪ ብልሽት ግን የቦሎ ምርመራ እስኪደርስ አይቆይም፤ እንደተገኘ ይጠገናል።

ደግሞ ይዩ

* ጅማ
* ቶዮታ
* ባትሪ
* ቡና