የአደስ አጥር በአልሐምራ

በማስተምርበት መድረሳ ግድግዳ ላይ ከቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ አንድ ፎቶግራፍ ለዓመታት ተለጥፎ ኖሯል። በስፔን ግራናዳ፣ ከአልሐምራ ቤተ መንግሥት አጠገብ ያለው የጀነራሊፌ አትክልት ቦታ ነው። የፈረንጅ ጥድ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ተከርክሞ፣ በመካከሉም በርና ቅስት ወጥቶለት ይታያል። እኔም ለደረሶቼ «ይህ የአንደሉስ ሙስሊሞች የእጅ ጥበብ ነው» እያልኩ በኩራት አስተምር ነበር። ተሳስቼ ነበር።

ግራናዳ ከሙስሊሞች እጅ የወጣችው እ.ኤ.አ. በጥር 1492 ነው። ያ የጥድ ግንብ ግን በ1931 ሌኦፖልዶ ቶሬስ ባልባስ በተባለ ስፔናዊ አርክቴክት ተጀምሮ፣ በ1951 በሌላው አርክቴክት በፍራንሲስኮ ፕሪዬቶ ሞሬኖ የተፈጸመ ነው። በመካከሉ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አለ!

ቁጥቋጦን እየከረከሙ ቅርጽ የማስያዙ ሥራ ራሱ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የኖረው ጸሐፊው ፕሊኒ፣ ጀማሪው የንጉሥ አውግስጦስ ወዳጅ ጋዩስ ማቲዩስ ነው ይላል። የፕሊኒ የእህቱ ልጅ ደግሞ በገጠር ቤቱ የነበረውን አትክልት ሲገልጽ፣ ቁጥቋጦዎቹ በአውሬ አምሳል እንደተከረከሙ፣ አንዳንዶቹም የባለቤቱንና የአትክልተኛውን ስም በፊደል እንደሚያሳዩ ጽፏል። ስሙን በቅጠል ያስጻፈ ጌታ ብዙ አያስደንቅም፤ አትክልተኛው ስሙን አብሮ ማስገባቱ ግን ያስደንቃል።

ታዲያ የአንደሉሶቹ ምን ነበር? በአልሐምራ ውስጥ የኮማሬስ ግቢ አለ። ቀዳማዊ ዩሱፍና ልጁ አምስተኛው ሙሐመድ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ያሠሩት ነው። በመካከሉ 34 ሜትር ገደማ ርዝመትና 7 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የውኃ ገንዳ ተዘርግቷል። በገንዳው ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ እኩል የተከረከመ አጥር ይሄዳል። ተክሉ ምን ይመስላችኋል? አደስ ነው! እናቶቻችን ከቅቤ ጋር ለጸጉር የሚያደርጉት ያው አደስ። ስፔኖች አራያን ይሉታል፤ ቃሉ ረይሓን ከሚለው ዐረብኛ የተወረሰ ነው። ግቢውም እስከ ዛሬ በዚሁ ተክል ስም ይጠራል።

አደስ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ቅጠሉ ትንሽ ነው፣ በየወቅቱም አይረግፍም፤ ጫፉ ሲቆረጥ ከጎኑ ያሉት እምቡጦች ስለሚነቁ እየጠቀጠቀ ይሄዳል። በዚያው ዘመን፣ በ1348፣ የአልሜሪያው ኢብን ሉዩን ስለ እርሻ በጻፈው የግጥም ድርሰት፣ በውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ቅጠላቸው የማይረግፍ ተክሎች እንዲተከሉ መክሯል። በ1526 ግቢውን የጎበኘው የቬኒሱ መልእክተኛ ናቫጄሮም አደሱን በውኃው ዳር አይቶ መስክሯል። ሆኖም ዛሬ የቆመው ቁጥቋጦ ያው የጥንቱ እንዳይመስላችሁ፤ ተክል እየተተካ የሚኖር ነገር ነው።

«በቅጠል አውሬ ያልሠሩት ምስልን ስለሚከለክሉ ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ እዚያው አልሐምራ ውስጥ 12 የእብነ በረድ አንበሶች ፏፏቴ ተሸክመው ቆመዋል።

ስለ ጀነራሊፌ ከሁሉ በላይ ያስተማረን ቃጠሎ ነው። በ1958 ከደረሰው እሳት በኋላ አፈሩ ሲቆፈር፣ የጥንቱ መደብ ከመሄጃው በታች ዝቅ ብሎ፣ የመትከያ ጉድጓዶቹም ሳይጠፉ ተገኙ። በመሄጃው የሚያልፍ ሰው አበባውን እንደ ምንጣፍ ከእግሩ ሥር ያየው ነበር ማለት ነው። የኔ ፎቶግራፍ ግን ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ግንብ ያሳያል።

ፎቶግራፉን አላነሳሁትም። ከሥሩ «1931–1951» ብዬ ጻፍኩበት። በማግሥቱ አንዲት ደረሳ ከእናቷ ጓዳ አንድ ዘለላ አደስ ይዛልኝ መጣች፤ እሱንም በክር አስሬ ከጎኑ ሰቅዬዋለሁ።