ማን የማን ልጅ ነው? ከርስት ሙግት እስከ ወላጅ ቪዛ

ካናዳ «ሱፐር ቪዛ» የምትለውን ረጅም የጉብኝት ፈቃድ ለዜጎቿና ለቋሚ ነዋሪዎቿ ወላጆችና አያቶች መስጠት የጀመረችው ኅዳር 21 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፤ እኛ በጎጃም፣ ቁይ ላይ፣ ኅዳር ጽዮንን ስናከብር በዋልንበት ዕለት። ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብላ፣ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተራ ይጠብቃል ብላ፣ ወላጅን በቋሚነት የማስመጣቱን ማመልከቻ ለጊዜው መቀበል አቁማ ነበር። አዲሱ ቪዛ እስከ 10 ዓመት የሚያገለግል፣ በአንድ መግቢያ 2 ዓመት የሚያስቀምጥ ሆኖ ወጣ። ከሰኔ 27 ቀን 2014 ወዲህ ደግሞ በአንድ መግቢያ የሚፈቀደው 5 ዓመት ሆኗል። ልጅ የጥሪ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ገቢውን ያሳያል፤ ለወላጅ ቢያንስ የ100,000 የካናዳ ዶላር የጤና መድን ይገባል፤ ወላጅ በተፈቀደለት ሐኪም ይመረመራል። ከዚህ ሁሉ ጋር ወላጅና ልጅ መሆናቸውን የሚያሳይ ሰነድ ይቀርባል።

እህቴ የምትኖረው ኤድመንተን ነው። እናታችንን አንድ ሁለት ክረምት አጠገቧ ለማቆየት ስትነሣ፣ እዚህ ያለውን ወረቀት የማሰናዳት ሥራ በእኔ እጅ ወደቀ። ብዙ ዘመን ታሪክ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ከሰነዶቹ ሁሉ ዐይኔን የያዘው ያ የመጨረሻው ነው። «ማን የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ዕድሜያቸውን በሙሉ ችሎት የቆሙት ይህንኑ ለመመለስ ነበር።

በርስት ሥርዓት ሰው መሬት የሚያገኘው ከዋናው አባት፣ አገሩን መጀመሪያ ከያዘው ሰው፣ መወለዱን ሲያስረዳ ነው። ከዋናው አባት ሥር ምንዝር አባቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ምንዝር አባት ስም የሚቆጠረውን ድርሻ የሚጠብቅና የሚያከፋፍል፣ ሙግት ሲነሣም የሚከራከር ፈጅ አለ። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉ በፈረንጆች በ1973 ታተመ። የእሱ ጥናት በግልጽ ያሳየው፣ እኛም ከሽማግሌዎቻችን የሰማነው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። በእናቱ እናት በኩል ስምንት አሥር ትውልድ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከሌላ ደብር መሬት ጠይቆ የረታ ሰው ጥቂት አልነበረም። ለዚህ የሚጠቅሰው ወረቀት አልነበረውም። የነበሩት የሽማግሌ ምስክር፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ መሐላና የውግዘት ፍርሃት ናቸው። የትውልድ ቆጠራን በቃሉ የማያውቅ ልጅ ርስቱን ይበላል ተብሎ አይታሰብም ነበር፤ ስለዚህ አባት ልጁን ማታ ማታ ያስቆጥረዋል።

ከትውልድ ሌላ ደግሞ ጧሪ ቀባሪነት ነበረ። ወላጁን ያበላ፣ ያለበሰ፣ ሲታመም ያስታመመ፣ ሲሞት ተዝካሩን ያወጣ ልጅ ከወንድሞቹ ይልቅ የሚሰማ ቃል ነበረው። ይህም በሰው ፊት ይነገራል፤ ወላጅ ሽማግሌ ጠርቶ «የጦረኝ እገሌ ነው» ብሎ ይናዘዛል። የካናዳ መንግሥት ከእህቴ የሚጠይቀው የጥሪ ደብዳቤና የገቢ ማስረጃ ለእኔ ከዚህ ብዙ የራቀ መስሎ አልታየኝም። በምስክር ፊት «እኔ እጦራታለሁ» ማለት ነው፤ የተለወጠው ምስክሩ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ትውልድ የሚያውቅ አገር የልደት ወረቀት ለምን አጣ? አላዋቂነት ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እከራከረዋለሁ። የጎጃም ገበሬ መጻፍን የሸሸው በምክንያት ነው። ጣልያን ወጥቶ መንግሥት ሲመለስ ወረቀት ይዞ የመጣው ሹም መሬት ሊለካና ግብር ሊጥል ነበር የመጣው፤ ገበሬውም ከዚያው ጊዜ ጀምሮ ደጋግሞ አመፀ። ትልቁ የ1960 ዓ.ም. አመፅ ነው። በዚያ ዓመት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ብቸናና ሞጣን ጨምሮ የጎጃም ገበሬ «ዛሬ ከለኩት ነገ ይወስዱታል» ብሎ ጠመንጃ አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፣ በአውሮፕላንም ደበደበ፤ በመጨረሻ ግን ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሠራበት ቀረ። የዚያን ጊዜ ሰዎች «አልጻፍም» ሲሉ ትርጉሙ «ርስቴን አልሰጥም» ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ርስትን ጨርሶ አስቀረው፤ የትውልድ ቆጠራውም ከዚያ ወዲያ መሬት የማያበላ ጨዋታ ሆነ። በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ደግሞ በመዝገብ ላይ «ቢሮክራሲ» ተብለው የተጻፉ ሰዎች ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይኖራቸው ተደረገ። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ወይም ጸሐፊ የነበረ ሁሉ ስሙ በመጻፉ ከአራት ጥማድ በላይ ያለውን መሬቱን አጣ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የቀበሌ ሰው ደብተር ይዞ ሲመጣ ልጆቿን አሳንሳ የምትቆጥር እናት ብትኖር አልፈርድባትም።

መንግሥትም ራሱ ሰውን በልደቱ ለመመዝገብ አልቸኮለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት የክብር መዝገብ እጅግ የተብራራ ምዕራፍ አለው። ነገር ግን ያው ሕግ በማብቂያው ላይ፣ በቁጥር 3361፣ የመዝገቡ ድንጋጌዎች ሥራ ላይ እንዳይውሉ አገደ፤ እገዳው የሚነሣው በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ነበር። አገር አቀፍ ምዝገባ የተጀመረው አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ከታወጀ በኋላ፣ በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። በሕግ ከተጻፈበት እስከ ተጀመረበት 56 ዓመት አለፈ። ዛሬ የልጅ ጥሪ የሚመጣላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሙሉ ያ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ወይም ታግዶ ሳለ የተወለዱ ናቸው። ካናዳ የምትጠይቃቸውን ወረቀት አገራቸው አላዘጋጀችላቸውም።

ሌላው ችግር ስማችን ነው። ፓስፖርታችን ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይጻፋል። እህቴ በካናዳ ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስሟ የአባታችን አባት ስም ነው። እናታችን ደግሞ ባሏን አግብታ ስሟን አልለወጠችም፤ የእሷ የቤተሰብ ስም የራሷ አያት ስም ሆነ። ሁለቱን ፓስፖርት ጎን ለጎን ያየ የቪዛ ሠራተኛ አንድም የሚገናኝ ስም አያገኝም። አባት በልጁ ስም ውስጥ አለ፤ እናት የለችም። በርስት ችሎት ግን እናት እስከ አሥር ትውልድ ድረስ ትጠራ ነበር። ሁለተኛ ደግሞ የክርስትና ስም አለ፤ የእናቴ በ«ወለተ» ይጀምራል። የደብሩ ሰው የሚያውቃትም ጸሎት የሚደረግላትም በዚያ ስም ነው፤ መታወቂያዋ ላይ ግን የለም።

ዕድሜዋ ከሁሉ የከበደው ነገር ነበር። አንድ የቀበሌ ጸሐፊ መታወቂያ ሲሠራላት ፊቷን አይቶ «መስከረም 1 ቀን 1940» ብሎ ጻፈ። ይህ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ልደቱን የማያውቅ ሰው ሁሉ መስከረም 1 ተወለደ ይባላል። በውጭም ያለው ቢሮ ያልታወቀውን ልደት በዓመታቸው መባቻ፣ ጃንዋሪ 1፣ ያደርገዋል። እናቴ ግን ልደቷን ታውቃለች። «ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የኅዳር ጽዮን ማግስት» ትላለች፤ እናቷ የነገረቻት ነው።

የንስሐ አባቷን ጠይቄ በባሕረ ሐሳብ ቆጠርነው። 5500 ላይ የዓመተ ምሕረቱን ቁጥር ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ ሦስት ከተረፈ ዓመቱ የሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም ስድስት ትሆናለች። 1935 ላይ 5500 ሲደመር 7435 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል። 1931ም የሉቃስ ነው፤ ያኔ ግን ጣልያን አልወጣም። 1939ም የሉቃስ ነው፤ ያኔ ግን ታናሽ ወንድሟ ተወልዶ ነበር። ስለዚህ ኅዳር 22 ቀን 1935 ነው፤ በፈረንጆች ዲሴምበር 1 ቀን 1942። ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች።

እንዲያው ቀን ለማሳመር ብዬ አይደለም ይህን ሁሉ የደከምኩት። ካናዳ የጣት አሻራና ፎቶ የምትወስደው ከ14 እስከ 79 ዓመት ካሉት አመልካቾች ነው። በመታወቂያው ዕድሜ እናቴ ሰማንያ ስላልሞላት አሻራ መስጠት አለባት፤ በእውነተኛው ዕድሜዋ አይጠየቅባትም። ማጭድና እንዝርት ዕድሜ ልክ የያዘ ጣት ደግሞ መስመሩ አልቋል፤ ማሽኑ ደጋግሞ አላየሁም ይላል። የመድኑ ዋጋ በበኩሉ በዕድሜ እየጨመረ ይሄዳል፤ ያው የተሳሳተው ልደት ቢያዝ ይረክስ ነበር። እህቴ በስልክ «እውነተኛውን ነው የምንጽፈው ጋሼ፣ ታምማ ሆስፒታል ስትገባ መድኑ በሐሰት ተገባ ብለው ቢሰርዙትስ?» አለችኝ። ደግ አደረገች። በሐሰት ዕድሜ የተገዛ መድን በጭንቅ ቀን የሚያስጥል ነው።

ስለዚህ ለፍርድ ቤት አመለከትን፤ ልደቷንና የእህቴ እናት መሆኗን ችሎቱ አይቶ እንዲወስንልን። ምስክሮች ቀረቡ፦ የንስሐ አባቷ፣ አብረዋት ያደጉ አንዲት ባልቴት፣ አንድ የደባይ ሽማግሌ። ዳኛው «እንዴት ያውቃሉ?» ብለው ሲጠይቁ ባልቴቷ የእናቴን እናት፣ የአያቷን እናት፣ ክርስትና ያነሧትን ሴት ሳይቀር ጠሩ። ሽማግሌው ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና ከዋናው አባት ጀምረው ወረዱ። ዳኛው ሊያቋርጧቸው አልቻሉም። እኔም ያን ጊዜ በላ ልበልሃ ሲባል የኖረው ችሎት በሕይወት እንዳለ አየሁ። ርስት ከቀረ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎት፣ ያንኑ ምስክርነት የኤድመንተን ጉዞ ፈለገው።

አሜሪካ ልጅ ላላቸው የሰፈራችን ሰዎች መንገዱ ሌላ ነው። አገሪቱ ለወላጅ ብቻ የተለየ የረጅም ጊዜ የጉብኝት ቪዛ የላትም፤ ጎብኚ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀድለት እስከ 6 ወር ነው። ሕጉም ማንኛውንም የጎብኚ ቪዛ ጠያቂ ሊቀር የመጣ ነው ብሎ ይነሣል፤ ተመላሽ መሆኑን ማስረዳት የጠያቂው ፋንታ ነው። የጎጃም አሮጊት ለመመለሷ ምን ታሳያለች? ያላት መሬቷ ነው፤ መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አይሸጥምና የዋጋ ግምት የለውም። አንድ ወረቀት ግን አለ፦ ክልሉ የሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር። በአማራ ክልል ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ይለጠፋል። ለእናቴ መንግሥት በስሟና በመልኳ የሰጣት የመጀመሪያው ሰነድ ይኸው ነው፤ ከካናዳው ቪዛ ማመልከቻ ጋርም አስተርጉመን አያይዘነዋል። መጻፍን የፈራ አገር፣ የተጻፈ ነገር መሬቱን ሲያስጠብቅ ያየው በዚህ ደብተር ይመስለኛል።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ይህ ሥራ በጣም ከብዷል። በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ብዙ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶችን ዘግቷል፤ መንገድ ይዘጋል፣ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ለሐኪም ምርመራ ሰማንያ ያለፈችን ሴት መውሰድ ሰላሙን እያዩ ነው። የልደት ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ የተወለዱ ሕፃናት እንኳ በእነዚህ ዓመታት ሳይጻፉ እያደጉ ነው፤ የነገዎቹ ወላጆች ደግሞ እነሱ ናቸው። ይህ እጅግ ያሳስበኛል።

እናቴ የፍርዱን ግልባጭ ሳነብላት ያስደነቃት ቀኑ አልነበረም። «የእናቴን ስም ጻፉት?» አለችኝ። ጽፈውታል፤ የአያቷም አለ። ስለ ጉዞው ግን ቃሏ ቁርጥ ነው፦ «ልጄን አይቼ እመለሳለሁ የኔ ጌታ፤ ቀብሬ እዚሁ ደብሬ ነው»። አምስት ዓመቱን ሁሉ አትፈልገውም።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶች እየመጡ «የኔንም ቁጠርልኝ» ይሉኛል። ለዚህ አንድ ደብተር ይዣለሁ። የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የአባትና የእናት ስም እስከሚያስታውሱት ድረስ፣ የተወለዱበት ዕለት በዓል፣ ወንጌላዊው፣ በዚያ ዓመት አገር የሚያውቀው ነገር፣ ዛሬ በሕይወት ያሉ ምስክሮች። የመጨረሻውን ዐምድ የምሞላው ቸኩዬ ነው፤ ለእናቴ ከቆሙት ሦስቱ መካከል ሽማግሌው ዘንድሮ አርፈዋል።