የብረት ኦክሳይድ ገጽ

የብረት ኦክሳይድ ገጽ ብረትና ኦክስጅን የሠሩት ማዕድን ከውሃ ወይም ከአየር ጋር የሚገናኝበት የመጨረሻው የአቶሞች ንብርብር ነው። በምዕራብ ሸዋ፣ በአምቦና በጌዶ አካባቢ የሚገኘውን ቀይ አፈር የሚያቀላው እንደ ሄማታይት ያለ የብረት ኦክሳይድ ነው።

በሄማታይት ውስጥ እያንዳንዱ የብረት አቶም በ6 የኦክስጅን አቶሞች ይከበባል። ገጹ ላይ ያለው ብረት ግን ጎረቤት ስለሚጎድለው ውሃን ይስባል፤ ውሃውም ተሰንጥቆ ገጹን ሃይድሮክሲል በሚባሉ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች ይሸፍነዋል።

አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ገጹ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። አሉታዊ ሙል ያለው የማዳበሪያ ፎስፌት ወደ ገጹ ተስቦ የሃይድሮክሲሉን ቦታ ይወስዳል፤ ከብረቱም ጋር አጥብቆ ይተሳሰራል። በዚህ ምክንያት ገበሬው ማዳበሪያ ቢጨምርም ጤፉና ስንዴው በቂ ፎስፈረስ አያገኙም። ኖራ ሲጨመር አሲዳማነቱና የገጹ አዎንታዊ ሙል ስለሚቀንሱ ገጹ ፎስፌትን የመያዝ ኃይሉ ይዳከማል።

የገጹ ብረት ካታሊስትም ይሆናል፤ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን ያፋጥናል። ለምሳሌ ኤሌክትሮን እየሰጠና እየተቀበለ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ይሰባብራል። ከዚህ የሚወጡት ስብርባሪዎች በፍሳሽ ውሃ ውስጥ ያለ የጨርቅ ማቅለሚያን ለማጥፋት ያገለግላሉ።