ያልተቋጨ ዘርፍ

እንግሊዞች ተጀምሮ ያልተጠናቀቀን ጉዳይ «ሉዝ ኤንድስ» ይሉታል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ያልታሰሩ ጫፎች» ማለት ነው። ጫፉ ያልታሰረ ገመድ ይተረተራልና፣ ከአንድ ሥራ የተረፈውን ጥቃቅን ነገር መልክ ማስያዝን «ጫፎቹን ማሰር» ብለው ይገልጹታል። ሰውም የሚሠራው አጥቶ ሲዋልል በዚሁ ሐረግ ይጠራል።

ምስሉ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሸማኔው ሸማውን ቆርጦ ሲያወርድ ሽመናው አልቋል፤ ዘርፉ ግን ገና አልተቋጨም። ንግግራችንን ስንደመድም «እንቋጭ» ማለታችንም ያንኑ ዘርፍ ያስታውሰናል። እንግዲህ ማለቅና መቋጨት ለየቅል ናቸው።

ይህን ልዩነት እንደ ቻርልስ ዲከንስ የመጨረሻ ልቦለድ ጉልህ አድርጎ የሚያሳይ ሥራ ጥቂት ነው። «የኤድዊን ድሩድ ምሥጢር» በየወሩ በ12 ክፍሎች እንዲታተም ታስቦ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1870 መውጣት ጀመረ። ወጣቱ ኤድዊን በገና ዋዜማ ሌሊት ይሰወራል፤ ጥርጣሬው በአጎቱ በጆን ጃስፐር ላይ ያርፋል። ዲከንስ ግን ሰኔ 8 ቀን ሲጽፍ ውሎ ማምሻውን ራሱን ሳተ፤ በማግስቱም ዐረፈ። ከሞቱ በፊት የታተሙት ሦስት ክፍሎች ብቻ ነበሩ፤ ሌሎች ሦስት ደግሞ ከሞቱ በኋላ ወጡ። ቀሪዎቹ ስድስት ሳይጻፉ ቀሩ። ኤድዊን ሞቶ ይሁን ተደብቆ፣ ከደራሲው ብዕር የተሰጠ መልስ የለም።

አንባቢ ግን ዝም አላለም። ብዙዎች የየራሳቸውን ፍጻሜ ጻፉለት። በጥር 1914 ለንደን ውስጥ ጃስፐር በጨዋታ ችሎት ፊት «ቀረበ»፤ ዳኛው ደራሲው ጂ. ኬ. ቼስተርተን፣ የዳኝነት ጉባኤው አፈ ጉባኤ ደግሞ በርናርድ ሾው ነበሩ። ጉባኤው «ሳያስብ ገድሏል» ብሎ ፈረደ፤ ቼስተርተን በበኩሉ ምሥጢሩ የማይፈታ መሆኑን ገልጾ፣ ከራሱ በስተቀር በአዳራሹ የነበሩትን ሁሉ ችሎት በመድፈር ቀጣ። በ1985 በኒውዮርክ መድረክ ላይ የወጣው ሙዚቃዊ ተውኔትም ፍጻሜውን ለተመልካቹ ድምፅ ተወው።

ወዳጄ፣ ሞት ሥራን ያቋርጣል እንጂ አይቋጭም። ችሎቱም ሆነ የተመልካቹ ድምፅ ዘርፉን ሊቋጨው አልቻለም፤ የሸማው ባለቤት የለምና። ሆኖም ከ150 ዓመታት በላይ ሸማው ያልተተረተረው፣ አንባቢው ጫፉን ከእጁ ስላልለቀቀው ነው።