የበቀቀን ትኩሳት

የበቀቀን ትኩሳት ወይም ሲታኮሲስ፣ ክላሚዲያ ሲታሲ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣና ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ ነው። በስሙ የተጠራው በቀቀን ይሁን እንጂ ኮካቲል፣ እርግብ፣ ዳክዬና ተርኪም ይሸከሙታል። በአባላዘር በሽታነቱ የሚታወቀው ክላሚዲያ የዚህ ባክቴሪያ ዘመድ እንጂ ራሱ አይደለም።

ሰው በአብዛኛው የሚያዘው በመነከስ ሳይሆን በመተንፈስ ነው። ከጎጆዋ ሽቦ ሥር በተነጠፈው ጋዜጣ ላይ የወፏ ኩስ ይደርቃል፤ ክንፏን ስታራግብ ወይም ጋዜጣው ተነስቶ ሲራገፍ ከላባዋ ብናኝ ጋር ይቦንና በአፍንጫ ይገባል። ጀርሙን የያዘች ወፍ ለረጅም ጊዜ ጤነኛ መስላ ትኖራለች። ረጅም ጉዞ፣ መጨናነቅና የቦታ ለውጥ ሲያስጨንቋት ግን ጀርሙን በብዛት ታወጣለች፤ ተገዝታ ቤት የገባች ሰሞን ይበልጥ የምታሰጋውም ለዚህ ነው። ስትታመም ላባዋ ይቆማል፣ ታንቀላፋለች፣ ዓይኗ ያነባል፣ ኩሷ አረንጓዴ ይሆናል።

በሰው ላይ ምልክቱ ባብዛኛው ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፦ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል። ታይፎይድ ነው ቢባል የሚገርም አይደለም። በ1879 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ በሽታውን መጀመሪያ የገለጸው ሐኪም ያኮብ ሪተርም የሳንባ ታይፈስ በሚል ስም ነበር የጻፈው።

በሽታው ዓለምን ያስደነገጠው በ1929 መጨረሻና በ1930 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ አናፖሊስ ከተማ አንድ ባል ለሚስቱ የገና ስጦታ በቀቀን ገዛላት። ወፏ ገናን ሳታይ ሞተች፤ ሚስቱ፣ ልጁና አማቹም ተከታትለው አልጋ ያዙ። ሐኪማቸው ወደ ዋሽንግተን ቴሌግራም ላከ። ምርመራው ለመንግሥት ተመራማሪው ቻርልስ አርምስትሮንግ ተሰጠ፤ እሱና ረዳቱ ሄንሪ አንደርሰን በሃይጂኒክ ላቦራቶሪ ምድር ቤት ከታመሙ በቀቀኖች ጋር መሥራት ጀመሩ። አንደርሰን በየካቲት ሞተ። አርምስትሮንግም ታሞ ነበር፤ ከበሽታው ካገገሙ ሰዎች ደም የተዘጋጀ ሴረም ተሰጥቶት ተረፈ። ከዚያ ወፎቹ ወዳሉበት ክፍል ዝር ያላሉ የሕንጻው ሠራተኞች ሳይቀሩ መታመም ጀመሩ። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ማኮይ ወፎቹን ገድሎ ሕንጻውን በሳያናይድ ጭስ አጠነ። በአሜሪካ 169 ሰዎች ታመው 33ቱ ሞቱ፤ ፕሬዚዳንት ሁቨርም በቀቀን ወደ አገር እንዳይገባ የሚያግድ ትእዛዝ አወጡ። ላቦራቶሪው በዚያው ዓመት ዛሬ የምናውቀው ብሔራዊ የጤና ተቋም ሆነ። ብዙ የተጻፈው ስለ በቀቀኖቹ ድንጋጤ ነው፤ የአንደርሰን ሞት ግን ከዚያ ሁሉ ይልቅ መነገር የነበረበት ይመስለኛል።

ዛሬ መድኃኒት አለው። በዶክሲሳይክሊን በጊዜ የታከመ ሰው ባብዛኛው ይድናል፤ የሚሞተው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የሚያስቸግረው መለየቱ ነው። ራጅ ሲነሳ እንደማንኛውም የሳንባ ምች ስለሚታይ፣ ሐኪሙ ካልጠረጠረ ለይቶ የሚያሳየውን ምርመራ አያዝም፤ ስለ ወፍ ካልሰማ ደግሞ አይጠረጥርም። ወፏም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ መታከም ትችላለች፤ ሕክምናዋ ግን እስከ 45 ቀን ይወስዳል።

አዲስ የመጣችን ወፍ ቢያንስ ለ30 ቀን ከሌሎቹ ለይቶ ማቆየት ይመከራል። ጎጆው ሲጸዳ ኩሱን ሳያርሱ መጥረግ አይገባም፤ ውኃ ወይም የጀርም ማጥፊያ ረጭቶ፣ ማስክና ጓንት አድርጎ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ማንሳት ነው። በዓረብ አገራትም ሆነ በአውሮፓ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖች፣ ወፏ የእነሱ ባትሆንም ጎጆዋን የሚያጸዱት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ትኩሳትና ሳል ይዞዎት ሐኪም ዘንድ ከቀረቡ፣ ባይጠየቁም «የወፍ ጎጆ አጸዳለሁ» ይበሉ።