የሶለኖይድ አጭር ታሪክ

መኪና ለማስነሣት ቍልፉ ሲዞር ከሞተሩ በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ባትሪው በደከመ ጊዜ ደግሞ ሞተሩ ሳይነሣ «ቀጭ ቀጭ» ማለቱ ብቻ ይደጋገማል። ይህ የሶለኖይድ ድምፅ ነው። ሶለኖይድ በቱቦ መልክ የተጠቀለለ ሽቦ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እንደ ማግኔት ሆኖ ብረት ወደ ውስጡ ይስባል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ይለቀዋል።

ነገሩ የተጀመረው ከመምህር ጠረጴዛ ላይ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ፕሮፌሰር ኧርስትድ ሲያስተምር፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በአጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ ሲያንቀሳቅሰው አየ። ወሬው ፓሪስ በደረሰ ጊዜ አምፔር የተባለው ሊቅ የተጠቀለለ ሽቦ የማግኔት ጠባይ እንዳለው አስረዳ፤ ከግሪክ ቃልም ወስዶ ሶለኖይድ ብሎ ሰየመው። ትርጓሜው ቱቦ መሰል ማለት ነው።

በልጅነቱ ጫማ ስፌት የተማረው እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጅን ሳይንስን ያጠናው ወታደር ሳለ በገዛ ራሱ ነው። በ1825 ለንደን ላይ ያሳየው እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ብረት ክብደቱ 200 ግራም ያህል ሆኖ ሳለ 4 ኪሎ ያህል አነሣ። ነገር ግን ሽቦው መሸፈኛ ስላልነበረው፣ ዙሮቹ እንዳይነካኩ አራርቆ መጠቅለል ግድ ሆነበት። በአሜሪካ አገር በአልባኒ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ሄንሪ ግን ሽቦውን በሐር ሸፍኖ ደራርቦ ጠቀለለው። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ብረቱ ያው፣ መዳቡም ያው፣ የተጨመረው ሐር ብቻ! በ1831 ለዬል ኮሌጅ የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ በላይ ተሸከመ። በዚያው ዘመን በትምህርት ቤቱ ክፍል ዙሪያ ከ1 ማይል የሚበልጥ ሽቦ ዘርግቶ በኤሌክትሪክ ደወል ደወለ።

ዛሬ በልብስ ማጠቢያ መኪና ውስጥ ውኃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ይኸው ሶለኖይድ ነው። ወደ መኪናው እንመለስ። በጥንቱ ዘመን ሞተር የሚነሣው በሰው ክንድ ነበር፤ ማዞሪያው ብረት በድንገት መልሶ ሲመታ የስንቱን ሹፌር እጅ ሰብሯል። ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሣ መኪና ለገበያ ያወጣው በ1912 ነው። ሞተሪኖው ሲነሣ ከ100 አምፔር በላይ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ በቍልፉ ቢያልፍ ቍልፉ በተቃጠለ ነበር። ስለዚህ በብዙዎቹ መኪናዎች ቍልፉ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ሶለኖይዱ ይልካል፤ የተሳበውም ብረት ወፍራሙን መስመር ያገናኛል፣ የሞተሪኖውንም ጥርስ ገፍቶ ከሞተሩ ጥርስ ጋር ያጋጥማል። የደከመ ባትሪ ብረቱን ለመሳብ ይበቃል፤ ሞተሪኖውን ላዙር ሲል ግን ኃይሉ ይወድቅበትና ብረቱን ይለቀዋል፤ ጥቂት ሲያገግም እንደ ገና ይስበዋል።