የደህንነት ካሜራ ለመምረጥ፦ ከዋጋው በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነጥቦች

በንግድ ቤቶችና በመኖሪያ ግቢዎች የደህንነት ካሜራ መትከል እየተለመደ መጥቷል። ይሁንና ስርቆት ከተፈጸመ በኋላ ቀረጻው ሲከፈት አንድ ሰው መግባቱና መውጣቱ ይታያል እንጂ ማንነቱ የማይለይበት ጊዜ አለ። ባለንብረቱ ገንዘብ አውጥቷል፤ ካሜራውም ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሯል፤ ለፖሊስ የሚቀርብ ማስረጃ ግን አልተገኘም።

የችግሩ ምንጭ የካሜራው ርካሽነት ብቻ አይደለም። ገዥው ስንት ካሜራና ስንት ሜጋፒክሰል እንደሚያስፈልገው ከመወሰኑ በፊት፣ እያንዳንዱ ካሜራ የትኛውን ጥያቄ እንዲመልስለት እንደሚፈልግ መለየት ይኖርበታል።

በር ላይ የተጀመረ ሥራ

በዝግ መስመር የሚሠራ የቴሌቪዥን ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1942 በጀርመን ፔኔሙንደ የሮኬት ሙከራዎችን ከርቀት ለመከታተል አገልግሏል። ለመኖሪያ ቤት የታሰበውን የደህንነት ካሜራ በመፍጠር የሚታወቁት ደግሞ በኒውዮርክ ከተማ የኩዊንስ ነዋሪ የነበሩት ነርስ ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን ናቸው። ከባለቤታቸው ከአልበርት ብራውን ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠራ መብት እንዲሰጣቸው አመልክተው በ1969 ተሰጥቷቸዋል። መሣሪያው በበሩ ላይ በተለያየ ከፍታ በተበጁ ቀዳዳዎች የቆመውን ሰው እያየ ምስሉን በቤት ውስጥ ወዳለ ቴሌቪዥን የሚያስተላልፍ ነበር። የፈጠራው ዓላማ “በር ላይ ያለው ማነው?” ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነበር። ይህ ጥያቄ ዛሬም ካሜራ ለሚመርጥ ሰው ዋነኛው ነው።

ሰው መኖሩን ማየትና ማንነቱን መለየት

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የደህንነት ካሜራ ደረጃ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ መለኪያ አስቀምጧል። በዚህ መለኪያ መሠረት በቦታው ሰው መኖሩን ለማወቅ በአንድ ሜትር ስፋት 25 ፒክሰል ይበቃል። ቀድሞ የሚታወቅን ሰው “እገሌ ነው” ለማለት 125፣ ፈጽሞ የማይታወቅን ሰው ማንነት ለመለየት ደግሞ 250 ፒክሰል ያስፈልጋል።

ይህን በተግባር ማስላት አያስቸግርም። ባለ 2 ሜጋፒክሰል ካሜራ ምስሉ ወደ ጎን 1920 ፒክሰል ነው። ለ250 ሲካፈል 7 ነጥብ 7 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይኸውም ፊት እንዲለይ ከተፈለገ ካሜራው የሚያየው ቦታ ስፋት ከዚህ መብለጥ የለበትም። ባለ 2 ነጥብ 8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ሰፊ እይታ ስላለው ይህ ወሰን የሚያበቃው ከካሜራው 3 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ እይታው ወደ 50 ዲግሪ ስለሚጠብ እስከ 8 ሜትር ድረስ ለመለየት ያስችላል። ባለ 8 ሜጋፒክሰል ካሜራ እንኳ በሰፊው ሌንስ ከ6 ሜትር ብዙም አያልፍም።

ስለዚህ በግቢው ማዕዘን ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ አንድ ሰፊ ካሜራ የግቢውን እንቅስቃሴ ያሳያል እንጂ የሌባን ፊት አያሳይም። ለአንድ ሱቅ ወይም ግቢ የሚበጀው አንዱን ሰፊ ካሜራ ለአጠቃላይ ክትትል፣ ሌላውን ጠባብ ካሜራ ደግሞ ሰው ሁሉ ማለፍ ላለበት በር መመደብ ነው። በንግድ ቤት የገንዘብ መቀበያው ባንኮኒም የራሱ ካሜራ ቢኖረው ይመረጣል።

ከፍታ፣ ብርሃንና ሌሊት

በር ላይ የሚተከል ካሜራ ከመሬት 2 ነጥብ 5 ሜትር ገደማ ከፍታ ቢኖረው ከእጅ ይርቃል፣ ፊትንም ያሳያል። በጣም ከፍ ካለ የሚቀርጸው ኮፍያና የራስ ቅል ነው። ወደ ውጭ በሚያይ የሱቅ በር ላይ ከበስተጀርባ የሚመጣው የቀን ብርሃን የገቢውን ፊት ስለሚያጠቁረው፣ ብርሃንና ጥላን የሚያመጣጥን ካሜራ መምረጥ ያስፈልጋል።

ብዙዎቹ ካሜራዎች በጨለማ በኢንፍራሬድ ጨረር ይሠራሉ። በዚህ ጊዜ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ስለሚሆን የልብስ ወይም የመኪና ቀለም አይታወቅም። ጨረሩ በቅርብ ካለ ግድግዳ፣ ከጣሪያ ክፈፍና ከሸረሪት ድር ላይ ነጥሮ ምስሉን ያጭበረብራል። በበሩ ላይ ሌሊቱን የሚበራ አንድ አምፖል መኖሩ ይህን ችግር ከማቃለሉም በላይ የአንዳንዱን ካሜራ ምስል በቀለም ለማግኘት ያስችላል። ከቤት ውጭ የሚተከለው አቧራና ዝናብ የማያስገባ መሆን ስላለበት፣ በአካሉ ላይ አይፒ66 የሚል ምልክት መኖሩን ማየት ይገባል።

የቀረጻ ማከማቻና የኤሌክትሪክ ኃይል

አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢልክ በቀን 21 ነጥብ 6 ጊጋባይት ይሞላል። አራት ካሜራዎች ሌት ተቀን ሲቀርጹ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በ12 ቀን ውስጥ ይሞላና የቆየውን እያጠፋ በላዩ ላይ መቅዳት ይጀምራል። ጉድለቱ ከወር በኋላ በቆጠራ የሚታወቅበት መጋዘን ያለው ነጋዴ ይህን ከወዲሁ ማስላት አለበት። ለ30 ቀን ወደ 2 ነጥብ 6 ቴራባይት ያስፈልገዋል።

“ሽቦ አልባ” የሚባለው ካሜራ ምስሉን ያለ ገመድ ቢልክም፣ ባትሪ ካልያዘ በስተቀር ለኤሌክትሪክ ገመድ ይፈልጋል። በኔትወርክ ኬብል ምስልንም ኃይልንም የሚያገኝ ካሜራ እስከ 100 ሜትር ድረስ በአንድ ገመድ ሊሠራ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ካሜራውና መቅጃው አብረው ይጠፋሉ። ካሜራዎቹና መቅጃው በድምሩ 40 ዋት ቢወስዱ፣ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በስሌት ለሁለት ሰዓት ያህል ያቆያቸዋል፤ በተግባር ግን ከዚያ ያንሳል። ሌሊቱን ሙሉ ለማቆየት ከዚህ የሚበልጥ ባትሪ መታሰብ አለበት። መቅጃው ራሱ ከተሰረቀ ማስረጃው ሁሉ አብሮ ስለሚሄድ፣ ከገንዘብ ሳጥኑ ጎን ሳይሆን አየር በሚያገኝና በሚቆለፍ ስፍራ ይቀመጥ።

ሰዓትና የይለፍ ቃል

መቅጃዎች ከፋብሪካ በሌላ አገር ሰዓት ተሞልተው ሊመጡ ይችላሉ። የቀን አቆጣጠራቸውም የአውሮፓ ነው። በመቅጃው 02:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 20:00 የሚለው ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ይህ ልዩነት ካልተስተዋለ ባለንብረቱ ለፖሊስ የሚሰጠው ቃልና በቀረጻው ላይ የሚታየው ሰዓት ሊጋጩ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በብዛት ተቆጣጥሮ፣ በጥቅምት ወር ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን አስተጓጉሏል። ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ካሜራ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን የይለፍ ቃሉን መለወጥ፣ ተካዩ ሠራተኛ የሚያውቀውንም እንዳለ አለመተው ይገባዋል።

የሌላውን ሰው መብት ማክበር

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የሰውን ማንነት የሚያሳይ ምስል የግል ዳታ በመሆኑ፣ ካሜራ የሚተክል ሁሉ ይህን ማሰብ አለበት። ካሜራ ወደ ጎረቤት ግቢና መስኮት መዞር የለበትም። በመጸዳጃ፣ በልብስ መቀየሪያና የቤት ሠራተኛ በምታድርበት ክፍል ውስጥም አይተከልም። በንግድ ቤት ካሜራ መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ በር ላይ መለጠፍ፣ ቀረጻውን ማን ማየት እንደሚችልም አስቀድሞ መወሰን መልካም ነው።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት

ተካዩ ሥራውን ጨርሶ ከመሄዱ በፊት በራሱ ፊት የሚደረግ ሙከራ አለ። ከመሸ በኋላ አንድ ሰው በበሩ እንዲገባ ተደርጎ ፊቱ መለየቱን ከቀጥታው ምስል ሳይሆን ከተቀዳው ማየት፣ ያንኑ ቀረጻ ወደ ፍላሽ ዲስክ መገልበጥ፣ ሰዓቱን ማመሳከር፣ በመጨረሻም መብራቱን አጥፍቶ መቅጃው መቀጠሉን ማረጋገጥ ይቻላል። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይፈጅም።

ካሜራ ጠንካራ ቁልፍን፣ የበራ ደጅንና ንቁ ጥበቃን አይተካም። ድርሻው ጉዳት በደረሰ ጊዜ የሆነውን በትክክል ማሳየት ነው። ይህም የሚጠቅመው ለባለንብረቱ ብቻ አይደለም፤ ንብረት በጠፋ ቁጥር በቅድሚያ የሚጠረጠሩትን ዘበኛና የሱቅ ሠራተኛ ንጽሕና ሊያረጋግጥ የሚችለውም ፊትን በግልጽ የለየ ቀረጻ ነው።